ከአጥሩ ማዶ ያየኋት ማኅበረ ምእመናን

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ። ጌታ ያደረገልኝን ልናገር ብዬ ነው ዛሬ የቆምኩት። ማይኩን እባካችሁ አስጠጉልኝ። ድምፄ እንደምትሰሙት ነው፤ ሻካራ ነው፣ ርቆም አይሄድም። ከኋላ ያላችሁ ካልተሰማችሁ ወደ ፊት ጠጋ በሉ፣ ወንበር አለ።

ሽማግሌዎቻችን የዚህችን ማኅበረ ምእመናን ታሪክ የሚነግረን ሰው ብለው ሲፈልጉ ሰንብተዋል። በቤቱ ወደ ጀመራት ወደ ወንድም ገመቹ ወለጋ ድረስ ደውለው ነበር። እሱ ምን አላቸው መሰላችሁ? «አጀማመራችንን ከኔ ይልቅ እትዬ አሰገደች ያውቁታል፤ አንድ እሑድ አልቀሩብንም» አላቸው። እውነቱን ነው። አንድ እሑድ አልቀረሁም። ግን የነበርኩት ከቆርቆሮው አጥር ማዶ ነው። እነሱ ሲዘምሩ እኔ እራገም ነበር። ስለዚህ የምነግራችሁ ታሪክ የጠላት ታሪክ ነው፤ ጠላት ደግሞ አጣርቶ ያያል። እግዚአብሔር ይመስገን።

ትውልዴ ከደሴ በላይ፣ ከቦሩ ሜዳ ትንሽ አለፍ ብሎ ካለ ደጋ ነው። ለባል ተሰጥቼ ኮምቦልቻ ወረድኩ። ባለቤቴ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ በሽታ ቶሎ ወሰደውና ከአንድ ልጄ ከሰናይት ጋር ቀረሁ። በርበሬና ሽሮ አዘጋጅቼ እሸጥ ነበር። ሰው የሚያውቀኝ ግን በበርበሬዬ አልነበረም። እኔ አልቃሽ ነበርኩ።

ወጣቶቹ ምናልባት አላያችሁም። አልቃሽ ማለት ለቅሶ ቤት ሙሾ የምታወርድ ሴት ናት። የሟቹን ስም፣ የአባቱን አገር፣ የሠራውን ሥራ በግጥም እያነሳሳች ድንኳኑን ሁሉ ታስለቅሳለች። እኔ ይህን ከእናቴ ተማርኩ። ከሐይቅም ከደሴም እየመጡ ይወስዱኝ ነበር። ድምፄ ከድንኳን አልፎ መኪና መንገድ ድረስ ይሰማል ይባልልኝ ነበር። ለስንቱ አልቅሻለሁ። ወገኖቼ፣ እውነቱን ልናገርና ለማንኛቸውም አላዘንኩም። ሌላው ሲንሰቀሰቅ እኔ በልቤ የሚቀጥለውን ስንኝ እፈልግ ነበር።

ጾም አልገድፍም፣ በዓል አልሽርም ነበር። ይህን ሳነሳ የእናት አባቶቼን ቤተ ክርስቲያን ልነቅፍ አይደለም፤ አልነቅፍም። የደረቀው የኔ ልብ ነበር።

ሰናይት ገና ትንሽ ተማሪ ሳለች ከጎኔ ያለውን ቤት ከወለጋ የመጣ አንድ ሰው ተከራየው። ገመቹ ይባላል፤ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ መካኒክ ነው። ሚስቱ ጫልቱ ነርስ ናት። ሰላምታቸው ጥሩ ነው፤ ረጋ ያሉ ሰዎች ናቸው። በሁለተኛው እሑድ ግን ከቤታቸው ዝማሬ ሰማሁ። በአጥሩ ቀዳዳ ሳይ በራቸው ላይ ስምንት ጫማ አለ። አራት ሰው ማለት ነው። ወገኖች፣ ይህች ማኅበረ ምእመናን በመጀመሪያ ቀኗ አራት ሰው ነበረች፤ ምስክሯ እኔ ነኝ።

ምንድን ናችሁ ስላቸው «ሉተራን ነን» አሉኝ። ሉተራን ሲሉኝ ሌላ ፋብሪካ መስሎኝ ነበር። (ሳቁ፣ ሳቁ፤ እኔም ዛሬ እስቃለሁ።) በአማርኛም በኦሮምኛም ይዘምራሉ። ገመቹ ጊታር ይመታል። ጫማው በየሳምንቱ እየበዛ ሄደ። እኔም በያዝኩት ሙያ ተነሳሁባቸው፤ ግጥም ገጠምኩ፦

ከበሮ ሳይመታ፣ ጸናጽል ሳይነካ፣
ገመቹ በጊታር ሰማዩን ለካካ።

የሰፈሩ ልጆች በአንድ ቀን ያዙት። ገመቹ ከፋብሪካ ሲመለስ እየተከተሉ ይዘፍኑለታል። እሱ ሰምቶ ሳቀ አሉ። መሳቁ ከዝማሬው የበለጠ አበሸቀኝ።

ያኔ ማመልከቻ አጻፍኩ። የአምልኮ ቤት በመኖሪያ ሰፈር አይሁንብን፣ ይውጡልን የሚል ነው። ስሜን ከላይ አሰፈርኩና ቤት ለቤት አስፈረምኩ። ሁሉም ፈረመ። እመት ዘሐራ በር ላይ ስደርስ ግን ወረቀቱን አይተው እጃቸውን ሰበሰቡ። እኚህ ሴት የሰፈራችን ታላቅ ናቸው፤ ሙስሊም ናቸው።

«ምን አደረጉሽ?» አሉኝ።

«ይጮኻሉ፤ እረፍት ነሱን።»

«መስጊዳችን አዛን ይላል፣ የናንተም ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ ያሰማል። የነሱ ብቻ ነው ጩኸት? ሰው ረቢውን ቢጠራ እኔ ምን አግብቶኝ! ወላሂ አልፈርምም። አንቺም ተይ አሰገደች፣ ነግ በኔ በዪ።»

አልተውኩም። ቀበሌ አስገባሁት። መኖሪያ ቤት ለአምልኮ አይሆንም ተባለና እንዲያቆሙ ታዘዙ። በዚያው እሑድ ገመቹ አግዳሚ ወንበሩን ተሸክሞ ሲወጣ በሬ ላይ ቆሜ አየሁት። «ደህና አደሩ እትዬ?» ብሎኝ አለፈ። እኔም «እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩ። ለምን እንዳመሰገንኩ እኔ አውቃለሁ፣ እግዚአብሔርም ያውቃል። ይቅር ይበለኝ።

ከዚያ በኋላ ወደ ቦርከና ወንዝ በኩል ዋርካ ሥር መሰብሰብ ጀመሩ። ክረምት ሲገባ የእህል መጋዘን ተከራዩ። ሽማግሌዎቻችን «ማኅበረ ምእመናናችን ከዚያ መጋዘን ተነሳች» ሲሉ ትሰማላችሁ። ወደዚያ መጋዘን ያስገባኋት እኔ ነኝ።

አሁን ወደ በሽታዬ ልምጣ። እንቅርት ነበረብኝ። የደጋ ልጅ ስለሆንኩ ከልጅነቴ ትንሽ ነበር፤ በነጠላ እሸፍነው ነበር። በኋላ ገዘፈ። ስተኛ ያፍነኛል፣ ስውጥ ይተናነቀኛል። አንድ ቀን ለቅሶ ቤት ሙሾ እያወረድኩ ትንፋሼ ቁርጥ አለና ወደቅሁ። ሰው ሐዘን የበረታብኝ መስሎት «እንዴት ያለች አዛኝ!» አለ።

ሰናይት ደሴ ሆስፒታል ወሰደችኝ። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ የራጅ ፎቶዬን ወደ መብራት ይዞ አሳየኝ።

«እናት፣ እንቅርቱ የአየር ቧንቧዎን ገፍቶ አጥብቦታል። መውጣት አለበት። አንድ ነገር ግን ልንገርዎ፤ የድምፅ ነርቭ አጠገቡ ነው የሚያልፈው። ድምፅዎ ሊጎዳ ይችላል።»

«ድምፄ እንጀራዬ ነው» አልኩት።

«ትንፋሽ ከሌለ ድምፅም የለም» አለኝ። ሌላ ነገር አልጨመረም። ደም የሚሰጡ ሰዎች ይዘን እንድንመጣ ነገረን።

ሰናይት ደም ልስጥ ብትል ክብደትሽ አልሞላም አሏት። ወደ እድር ሴቶች ሄደች። አንዷ ደም ማነስ አለብኝ አለች፣ አንዷ ባሌ አይፈቅድም አለች፣ አንዷ እሺ ብላ ቀኑ ሲደርስ ስልኳን ዘጋች። የደጋ ዘመዶቼ አጨዳ ላይ ነበሩ። አልፈርድባቸውም። እኔ በነሱ ቦታ ብሆን አልሰጥም ነበር። ወገኖች፣ ሰውን አስለቅሼ ነበር እንጂ ከሰው ጋር አላለቀስኩም፤ ስለዚህ በቀኔ ሰው አልነበረኝም።

ሰናይት ከዚህ ሁሉ በኋላ ውሃ ልትቀዳ ቦኖ ላይ ቆማ ስታለቅስ ጫልቱ አገኘቻት። ምን እንደተባባሉ ያን ጊዜ አላወቅሁም። ልጄ ቤት ገብታ «ደም ተገኝቷል፣ ተነሺ» ብቻ አለችኝ። ከማን ብላት «ከሰው» አለች።

ገባሁ። ከቀዶ ጥገናው ስነቃ ሐኪሙ አጠገቤ ቆሟል።

«ከባድ ነበር» አለኝ። «እንቅርቱ ከነርቩ ጋር ተጣብቆ ነው ያገኘነው። ብዙ ደምም ፈስሶዎታል። የተዘጋጀው ደም ባይኖር አናተርፍዎትም ነበር። ደሙን የሰጡት ልጆችዎ ናቸው?»

አንድ ልጅ ብቻ ነው ያለኝ ልለው አፌን ከፈትኩ። ድምፅ የለም። ደግሜ ሞከርኩ፤ የለም። ሐኪሙ «አይጨነቁ፤ ሊመለስ ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል፣ አሁን ለማወቅ አይቻልም» አለኝ። ቀና ሰው ነው፤ አልዋሸኝም። በሕይወት ያቆመኝ ጌታ ይመስገን።

ማታ ሰናይት ነገረችኝ። ደሙን የሰጡት ገመቹ፣ ጫልቱ፣ ከመጋዘኑ ጉባኤ ሁለት ሰዎች፣ አምስተኛው ደግሞ የእመት ዘሐራ ልጅ ሰይድ ነበሩ። በአንድ ሚኒባስ መጥተው፣ ሰጥተው፣ በዚያው ሚኒባስ ተመልሰዋል። ስሰማ አልተደሰትኩም። ተናደድኩ። ያባረርኩት ሰው ደሙን አዋሰኝ ብዬ አፈርኩ። ማፈሬን ደግሞ በቁጣ ሸፈንኩት።

ቤቴ ተመለስኩ። በመጀመሪያው ሳምንት ጠያቂ ሞላ፣ በሁለተኛው ቀነሰ፣ ከዚያ ቆመ። የማታወራ ሴት ጋ ቁጭ ማለት ይከብዳል። ጫልቱ ግን ከጤና ጣቢያ ስትወጣ ጎራ ትላለች። ቁስሌን ታያለች፣ ትራሴን ታስተካክላለች። አንድ ቀን «እትዬ፣ ልጸልይልዎ?» አለችኝ። ራሴን ነቅንቄ እንቢ አልኩ። «እሺ» አለችና ሾርባ አሙቃ አጠጥታኝ ሄደች። በነጋታው መጣች። ጸሎቱን አላነሳችውም። ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ሲናገር ሳላቋርጥ ሰማሁ፤ ማቋረጫ ስላልነበረኝ ነው።

በዚህ ላይ ሳለሁ እናቴ አረፈች።

ወደ ደጋው ወጣን። እናቴ የአገሩ አልቃሽ ነበረች፤ ለስንት ሰው አልቅሳለች። ሴቶቹ ደረታቸውን ይዘው ወደኔ ያያሉ፤ ልጇ ናት፣ ታወርድላታለች ብለው ይጠብቃሉ። ግጥሙ ልቤ ውስጥ ነበር። አፌን ከፈትኩ፤ ትንፋሽ ብቻ ወጣ። ደግሜ ከፈትኩ። አንዲት ሴት ፊቷን አዞረች። ያኔ መሬት ላይ ተቀመጥኩና አለቀስኩ። ድምፅ የሌለው ልቅሶ ነው፤ እንባና ንፍጥ ብቻ። በዕድሜዬ ሙሉ እንዲያ አልቅሼ አላውቅም።

ቀና ስል ገመቹና ጫልቱ ከድንኳኑ ጫፍ ተቀምጠዋል። ያን ሁሉ ዳገት በዝናብ ወጥተው ነው የመጡት። ጫማቸው ጭቃ ነው። ማንም አልጠራቸውም። አልሰበኩም፣ አልዘመሩም፤ ገመቹ ከወንዶቹ ጋር ውሃ ሲያመላልስ ዋለ።

ከቀብር በኋላ ከቤቱ ጀርባ ካለው የድንጋይ ካብ ላይ አገኘሁት። የሰናይትን ደብተር ያዝኩና ጻፍኩለት፤ «ያባረርኳችሁ እኔ መሆኔን ታውቃለህ?»

አንብቦ «አውቃለሁ» አለ። «ማመልከቻውን ቀበሌ አሳይተውናል። ስምዎ መጀመሪያ ላይ ነበር።»

«ታዲያ ደም ለምን ሰጠኸኝ?» ብዬ ጻፍኩ።

ወገኖች፣ እኔ የጠበቅሁት ስብከት ነበር። ወድጄዎት ነው እንዲለኝ ጠብቄ ነበር። እሱ መሬት መሬት እያየ እንዲህ አለኝ፤

«እውነቱን ልንገርዎ እትዬ፣ መስጠት አልፈለግሁም ነበር። ጫልቱ ስትነግረኝ እንቢ አልኳት። ሌላ ሰው ይፈልጉ፣ ያስፈረሙት ሁሉ ይስጧቸው አልኩ። ተጣላን። ለሦስት ቀን አልተነጋገርንም። በሦስተኛው ቀን 'እሑድ ዕለት ቆመህ ጠላቶቹ ሳለን ክርስቶስ ሞተልን ብለህ አስተምረሃል። አምነኸው ነው ወይስ እንዲያው ለመናገር ነው?' አለችኝ። አፍሬ ነው የመጣሁት። ደሙን ሲቀዱልኝም ደስ አላለኝም። ይቅር ይበሉኝ።»

እሱ እኔን ይቅር በሉኝ አለኝ! እኔ በዳይዋ ተቀምጬ፣ እሱ ይቅርታ ይለምነኛል። ደግ ሰው ቢሆን ኖሮ «እሱ ደግ ነው፣ እኔ ክፉ ነኝ» ብዬ እተወው ነበር። ገመቹ ግን እንደኔ ቂም የያዘ ሰው ነበር፤ ከቂሙ የሚበልጥ ጌታ አስነስቶ በሚኒባስ አመጣው። ያን ጌታ ማወቅ ፈለግሁ። ነገሬ የተገለበጠው እዚያ ካብ ላይ ነው። ክብር ለስሙ ይሁን!

ኮምቦልቻ ስንመለስ በሚቀጥለው እሑድ ወደ መጋዘኑ ሄድኩ። ሰናይት እስከ በሩ ሸኘችኝ። በሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። ሰው ሁሉ አወቀኝ፤ ግጥሙን ሁሉም ያውቁታል። ያን ቀን ያገለገሉት ቄስ ወደ ኑዛዜው ጸሎት ገቡ። ሁላችሁ እንደምታውቁት በሐሳብ፣ በቃልና በሥራ በድለናል ብለን በአንድነት የምንናዘዘው ነው። ቄሱም በደሉ፣ ጫልቱም በደለች፣ ገመቹም በደለ። በመካከላቸው በደል የሌለበት አንድም ሰው አልነበረም። እኔም ከንፈሬን አንቀሳቀስኩ። «ጌታ ሆይ ማረን» ሲባል ከጉሮሮዬ አንድ ነገር ወጣ። እንደ በር ሲጢጥ ያለ ነው፤ «ማረን» የሚል ነበር። አጠገቤ የነበረችው ሴት ዞር ብላ አየችኝ። ከዚያ ቄሱ የኃጢአትን ይቅርታ አወጁ። እኔም ተቀበልኩ። ሃሌ ሉያ!

ለሐኪሙ ነገርኩት። «ነርቭ ቀስ እያለ ይድናል፤ ጊዜው ደርሶ ነው» አለኝ። አልተከራከርኩትም። ልክ ነው። ጊዜውን ያዘጋጀው ማን እንደሆነ ደግሞ እኔ አውቃለሁ። እስከ ዛሬ ግን ሙሉ ድምፄ አልተመለሰም። ሙሾ አይወርድበትም፣ መዝሙርም በደንብ አይወጣበትም። ተፈወስኩ ብዬ አላጋንንላችሁም፤ እተነፍሳለሁ፣ እናገራለሁ፣ ይበቃኛል።

ዋጋም ነበረው። የጽዋ ማኅበር ጓደኞቼ ተለዩኝ። እህቴ ሁለት ዓመት ደጄን አልረገጠችም። ሰናይት እስከ ዛሬ በእናቶቻችን ቤተ ክርስቲያን ናት። እሑድ ጠዋት በር ላይ ተሳስመን እሷ ወደ ላይ፣ እኔ ወደ ታች እንሄዳለን። «ጸልዪልኝ» እላታለሁ፤ «አንቺም» ትለኛለች። በዚህ ተጣልተን አናውቅም።

ይህ ያለንበት መሬት እንዴት እንደተገኘ ደግሞ ልንገራችሁ። ማኅበረ ምእመናናችን ለአምልኮ ቦታ ስትጠይቅ የአካባቢው ነዋሪ ተቃውሞ እንደሌለው ማስረጃ ተፈለገ። እኔና እመት ዘሐራ ለምስክርነት ሄድን። ጉዳዩን የያዘው ሰው አተኩሮ አየኝ።

«እናት፣ ያኔ ይውጡ ብለው የፈረሙት እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

«እኔ ነኝ።»

«ዛሬስ?»

«ዛሬ ይግቡ እላለሁ።»

እመት ዘሐራ ከጎኔ ሆነው «እኔ ያኔም አልፈረምኩም፤ ይጻፍልኝ» አሉ። ሰውየው ሳቀ። ቦታውም ተሰጠ።

ጦርነቱ ወደ ከተማችን የደረሰ ጊዜ ሁላችን ተበታተንን። ስንመለስ የአዳራሹ በር ተነቅሏል፣ ወንበር የለም፣ ጊታሩም የለም። ከመሬት ተቀምጠን ስናመልክ እመት ዘሐራ ሰሌን አስይዘው ላኩልን። «ረቢ መሬት የተቀመጠውንም ይሰማል፣ ጉልበታችሁ ግን ይታመማል» ብለውናል። እሳቸው ዛሬም አሉ፤ አላህ ዕድሜ ይስጣቸው እላለሁ፣ በቋንቋቸው።

ጫልቱ ዘንድሮ በጾመ ፍልሰታ ሰሞን፣ እዚሁ አዳራሽ ከእናንተ ጋር ሳለሁ፣ ከወለጋ ደውላልኝ ነበር። ባሏ ጡረታ ወጥቶ አገራቸው እንደገቡ ታውቃላችሁ። «እትዬ፣ ስንት ደረሳችሁ?» አለችኝ። ዞር ብዬ እናንተን አየሁና ለመቁጠር ሰነፍኩ። «ብዙ ነን፣ ጫማ በር ላይ አናወልቅም እንጂ» አልኳት።

ወንድሞችና እህቶች፣ ታሪካችን ይኸው ነው። ጀግና የለበትም። ቂም የያዘ መካኒክ፣ ባሏን የገሠጸች ነርስ፣ ያልፈረሙ ጎረቤትና አንዲት ክፉ አልቃሽ አሉበት። የቀረውን ጌታ ሠራው። ስለ ትንፋሼ አመሰግነዋለሁ። ስለ እናንተ አመሰግነዋለሁ። ዛሬ ጠዋት በሰላም ስለነቃሁ አመሰግነዋለሁ።

ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣችሁ፣ በር አጠገብ የተቀመጣችሁ አላችሁ፤ አይቻችኋለሁ። መጀመሪያ ጥሩ ሰው ልሁንና እመጣለሁ አትበሉ። እኔ እንደዚያ አልመጣሁም፤ እንደዚያ የመጣም ሰው አላየሁም። ጌታን እመኑት። ወዳጁ ከሆናችሁ ደህና፤ ጠላቱ ከሆናችሁ ደግሞ እሱ የሞተው ለእናንተ ነውና ወደ ውስጥ ግቡ።